ሥር ያወጣችው ባቄላ

ጎጆዋ መስኮት የላትም። አያ ጥሩነህ በርጩማቸውን ከግድግዳው አስጠግተው፣ ገንቦዋን በጉልበቶቻቸው መካከል አቁመው፣ ጋቢያቸውን እስከ አገጫቸው ስበው ሲቀመጡ በሩ ከውጭ ይዘጋል፤ ከዚያ ወዲያ የሚገባ ብርሃን ቢኖር በጆሯቸው ልክ ግድግዳው ላይ ከተበሳችው ቀዳዳ ነው፣ እሷም ብትሆን ጨርቅ ተወትፎባታል። ጨለማው የእበት ምርጊት ይሸታል፣ ትንሽ ትንሽ ደግሞ የአይጥ። ሽታውን ያውቁታል። በሕይወታቸው አሥራ አንድ ጊዜ እዚህ ተቀምጠዋል፣ ይህ አሥራ ሁለተኛቸው ነው፤ ላያቸው ሰው ከወገብ ሕመማቸው በቀር አንድም የሚያስጨንቅ ነገር ያለባቸው አይመስሉም ነበር።

እንግዲህ ለማያውቅ ሰው ልንገር። በቀጨማ አጥቢያ ሰው ሲጠፋ ወይም ክምር ሲቃጠል አውጫጭኝ ይጠራል፤ ወንድ የተባለ ሁሉ ሜዳው ላይ በእሾህ አጥር ውስጥ ይሰበሰባል፣ ጥፋተኛው እስኪታወቅም ወደ ቤቱ የሚሄድ የለም። ገብሴ ረገፈ ቢል የሚሰማው የለም፣ ሚስቴ አራስ ናት ቢል የሚሰማው የለም፤ ስንቁን በአጥር ላይ ተቀብሎ፣ እዚያው በልቶ፣ እዚያው ተኝቶ፣ እርስ በርሱ እየተያየ መቀመጥ ነው። ጠዋት ጭቃ ሹሙ ለእያንዳንዱ ሰው አንዲት ባቄላ ያድላል። ሰውየው ብቻውን በጎጆዋ ጀርባ ይዞራል፣ ጨርቁን ነቅሎ ያየውን ሹክ ይላል፣ ያላየም «አላየሁም፣ አልሰማሁም» ይላል፤ ከዚያ ባቄላዋን በቀዳዳው ጥሎ፣ ጨርቁን መልሶ ወትፎ፣ በወዲያኛው በኩል ይወጣል። ባቄላ ያልያዘ አይሰማም። አንዱ ሁለት ሦስት ጊዜ እየተመላለሰ በጠላቱ ላይ እንዳይመሰክር የወጣ ሕግ ነው፣ ቀልድም የለበትም። ውስጥ ያለው ሰሚ ፊት አያይም፣ ድምፁን ቢያውቅ እንኳ እንዳላወቀ ይሆናል። የተናገረው ሰው ወፍ ይባላል፣ በቃ፣ ሌላ ስም የለውም።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሰሚው ይወጣና ጭቃ ሹሙ ሕዝቡ እየሰማ «ወፍ ምን አለ?» ብሎ ይጠይቀዋል። ሰሚው የሰማውን ይናገራል፤ ገንቦዋ ቁርበት ላይ ትገለበጥና ባቄላው ከሰዉ ቁጥር ጋር ይመሳከራል። ስሙ በሦስት ማታ የተጠራ ሰው በማግስቱ ታስሮ ወደ ወረዳ ይነዳል፣ ከወረዳ የተመለሰ ደግሞ እስካሁን አልታየም። ወፍ ሦስት ማታ ዝም ካለ ግን ሰሚው ይነሳል፣ ሌላ ሰሚ ይተካል።

አያ ጥሩነህ በመጀመሪያው ቀን ጠዋት እርጥብ ሣር በጥሰው ይዘው፣ እንደ ልማዱ ማሉ። «የሰማሁትን ሳልጨምር ሳልቀንስ እናገራለሁ። ብጨምር የጨመርኩት ይምጣብኝ። ብቀንስ የቀነስኩት ይቀነስብኝ።» ድምፃቸው አልተንቀጠቀጠም። አርባ ዓመት ሙሉ ሲያስታርቁ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው፣ መሐላው አፋቸው ላይ ሟምቶ አልቋል ብል አላጋነንኩም።

የጠፋው ቢያድግልኝ ነው፣ የጥዑም ልጅ። ጥዑም ባሏን ገና በወጣትነቷ የቀበረች፣ ያለ እሱም ልጅ የሌላት ሴት ናት፤ ልጇ ወደ እርሻው እንደ ወጣ ከቀረ አሥራ ስድስት ቀኑ ነው። ሰው የጠፋበት ሰው የሚቀመጥባት ጠፍጣፋ ድንጋይ ከአጥሩ ውጭ አለች፣ እዚያች ላይ ተቀምጣ ከጠዋት እስከ ማታ ጥጥ ትፈትላለች። አታለቅስም። ብታለቅስባቸው ይሻላቸው ነበር አያ ጥሩነህ፤ እንዝርቷ ስትሽከረከር የምታሰማው ያ ቀጭን ድምፅ ግድግዳውን አልፎ ጎጆዋ ውስጥ ይገባ ነበርና።

የቢያድግልኝ ማሳ ከአስማረ ማሳ ጋር ይዋሰናል። አስማረ የአያ ጥሩነህ ልጅ ነው፣ ከአምስት ልጅ የተረፈላቸው እሱ ብቻ። ከአሥራ ስድስት ቀን በፊት፣ ሲመሻሽ፣ ዶማውን ይዞ መጣና ሰላም ሳይል በቤቱ ጓሮ ዞረ፤ ውሃ ሲንቦጫረቅ ሰምተው ብቅ ቢሉ እጁን እስከ ክርኑ ጭቃ ውጦት እየታጠበ ነበር። ተያዩ። እሳቸውም አልጠየቁ፣ እሱም አልተናገረ። በማግስቱ በወሰኑ በኩል ሲያልፉ የወሰኑ ድንጋይ ከጥንት ቦታው ሁለት እርምጃ ፈቀቅ ብሎ፣ ሥሩ ያለው አፈር ለስልሶና ጠቁሮ አዩት። ወዲያና ወዲህ ቃኙ። ከዚያ ጫማ በማያውቀው እግራቸው ያንን አፈር ረገጡት፣ ጠቀጠቁት፣ ደለደሉት፣ ሄዱ። ምን እንደሚረግጡ አላወቁም ነበር የሚል ካለ እሱ አባት አይደለም።

ከዚያ በኋላ አውጫጭኝ ተጠራ፣ ሕዝቡም በአንድ ቃል ሰሚ አድርጎ የመረጠው እሳቸውን ነው። ወይ ጉድ!

በመጀመሪያው ቀን ባቄላው አንድ በአንድ ገንቦዋ ውስጥ ጠብ ጠብ አለ። አንዱ ነጭ ሽንኩርት ይሸታል፣ አንዱ ጠላ፣ አንዱ ሌሊቱን ሜዳ ላይ ሲያድር የረጠበ በርኖስ፤ እሳቸው በጨለማው ውስጥ ጣታቸውን በጣታቸው እየቆጠሩ ያዳምጣሉ። አላየሁም፣ አልሰማሁም። አላየሁም፣ አልሰማሁም። አሥራ ዘጠነኛው ላይ ትንፋሹ የሚቆራረጥ ሰው አፉን ከቀዳዳው አስጠግቶ «የአያ ጥሩነህ ልጅ» አለ። «ዶማ ይዞ። ከወሰኑ ላይ። ይቅር ይበሉኝ አያ።» ባቄላዋ ወደቀች። ከሰዓት በኋላ ሁለት ሌሎች ያንኑ ደገሙት። ማምሻው ላይ ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቁት ደረቅ ሳል ከግድግዳው ወዲያ ተሰማ፤ አስማረ ሁልጊዜ ከመናገሩ በፊት እንዲያ ያስላል። «አላየሁም፣ አልሰማሁም» አለ።

«ወፍ ምን አለ?» አለ ጭቃ ሹም ውብነህ። ወፍራም፣ ላቡን የሚጠርግ፣ ለክፋት የማይሆን ሰው ነው።

«ወፍ ዝም አለ» አሉ። ባቄላው ተቆጠረ፣ ስልሳ ሁለት ሆነ፤ ሰዉም ስልሳ ሁለት ነው።

በማግስቱ ሰዉ መቁነጥነጥ ጀመረ። ገብሱ ደርሷል፣ ንፋሱም ደርሷል፣ ከሜዳው ሆነው እያንዳንዱ ሰው የራሱ ማሳ ሲረግፍ የሚያይ ይመስለዋል፤ አንዱ ይነሳል፣ ይቀመጣል፣ እንደገና ይነሳል፣ ያለ ምክንያት ይጣላል። አያ ጥሩነህም በጎጆዋ ውስጥ አላረፉም። ሦስቱ ወፎች ያንኑ ስም ደግመው ሹክ አሏቸው። ሁለት ማታ ደግሞ ዝም ካሉ እሳቸው ይነሳሉ፣ ሌላ ሰው እዚህች በርጩማ ላይ ይቀመጣል፣ ሌላ ሰው «አስማረ» ይላል። እሳቸው እስካሉ ድረስማ አይሆንም! ቀኑን ሙሉ የሁሉንም ሰው ስም በልባቸው ሲያገላብጡ ዋሉ። ይህ ወንድም አለው፣ ያ አጎት አለው፣ ደም ይመላለሳል። ማንም የሌለው ማነው? ከዘጠኝ ዓመት በፊት ከሌላ አገር ሸማውን ተሸክሞ የመጣው ሽበሺ ነው። ሸማኔው።

«ወፍ ተናገረ» አሉ ማታ፣ ዓይናቸውን ከአጥሩ እሾህ ላይ ሳያነሱ። «ቢያድግልኝ በጠፋበት ቀን፣ ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ሽበሺ ዶማ ትከሻው ላይ አድርጎ በወሰኑ ላይ ሲያልፍ ታይቷል።» እያፏጨ ነበር ሊሉ አስበው ነበር፣ ነገሩን እውነት ለማስመሰል፤ መጨረሻ ላይ በዛ ብለው ተዉት።

ሰዉ ሁሉ ወደ ሸማኔው ዞረ። ሽበሺ ቀጭን ሰው ነው፣ ተቀምጦ መሥራት ጀርባውን አጉብጦታል። አልጮኸም፣ አልተቆጣም። «እኔ?» አለ፤ «አያ፣ የለበሱትን ጋቢ እኮ የሠራሁልዎ እኔ ነኝ።»

አያ ጥሩነህ ጋቢው ከበዳቸው። ደግነቱ ጭቃ ሹሙ ገንቦዋን ገለበጠና ዓይን ሁሉ ወደ ቁርበቱ ሄደ። አንድ፣ ሁለት እያለ ቆጠረ፣ ቆመ፣ ላቡን ጠረገ፣ እንደገና ቆጠረ። ስልሳ ሦስት።

«የኔ ጥፋት ነው፣ ለአንዱ ሁለት ሰጥቼ ነው» አለና ሳቀ፣ ሌሎችም ሳቁ። ግን አንደኛዋ ባቄላ ከሌሎቹ ትለይ ነበር። ሌሎቹ የዘንድሮ ደረቅ ባቄላ ናቸው፤ እሷ አፈር ውስጥ እንደ ሰነበተች አብጣለች፣ ርሳለች፣ ከጎኗም ነጭ ሥር ብቅ ብሏል። ጭቃ ሹሙ በሁለት ጣቱ አንስቶ አያትና ወደ ሣሩ ወረወራት። አያ ጥሩነህ የወደቀችበትን ቦታ ልብ አሉ፣ ለምን እንደሆነ ግን አላወቁም።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ጭቃ ሹሙ ድምፁን ከፍ አድርጎ እየቆጠረ፣ መዳፍ እያስዘረጋ አደለ። አያ ጥሩነህ በጨለማው ውስጥ ሆነው ተራውን በልባቸው ይዘዋል፤ ከጎረቤታቸው ከአዳሙ ቀጥሎ አስማረ ነው። አዳሙ መጣ፣ ሄደ። የልጃቸውን ሳል ጠበቁ። ጨርቁ ተነቀለ፣ ብርሃን ግን አልገባም፣ አንድ ነገር ቀዳዳዋን ሞልቷታል። ሳል የለም። ቀዝቃዛ፣ ከጥልቅ ጉድጓድ እንደሚወጣ ያለ የአፈር ሽታ ፊታቸው ላይ ተነፈሰ፤ ዝናብ ሲነካው የሚሸት አፈር አይደለም፣ ፀሐይ አይቶ የማያውቅ ነው። እንዝርቷ እንኳ ለአፍታ ዝም ያለች መሰላቸው።

«ሽበሺ» አለ ድምፁ፣ ቃሉን አንድ በአንድ እየለቀመ። «ፀሐይ ስትጠልቅ። ዶማ ትከሻው ላይ አድርጎ። በወሰኑ ላይ። እያፏጨ።»

ባቄላዋ ገንቦዋ ውስጥ ስትወድቅ ጠብ አላለችም። ርጥብ ነገር ሲወድቅ እንደሚያሰማው ጧ አለች።

ሰው ነው፣ አሉ ለራሳቸው፤ ትናንት ማታ የተናገርኩትን ሰምቶ፣ ቶሎ ወደ ቤቱ ሊሄድ ፈልጎ የደገመ ሰው ነው፣ ስንት ዓይነት ሰው አለ! ይህን ደጋግመው አሉ። ግን እያፏጨ የምትለዋ ቃል ከአፋቸው አልወጣችም ነበር፣ ከአፋቸው ያልወጣ ነገር ደግሞ ከየት ይሰማል? ቀኑን ሙሉ እግራቸው አላርፍ አለ፤ ተረከዛቸው መሬቱን ሲደልቅ እየሰሙ ማስቆም አቃታቸው። ማታ ወጥተው ሽበሺን ለሁለተኛ ጊዜ ጠሩት። ሸማኔውን ለብቻው አስቀመጡት፣ ሁለት ጎረምሶችም ከጎንና ከጎኑ ተቀመጡ።

ባቄላው ተቆጠረ። ስልሳ ሁለት። «ተመስገን፣ ልክ ነው» አለ ጭቃ ሹሙ፣ ሰዉም ተነፈሰ። አያ ጥሩነህም ተነፈሱ፣ ለጥቂት ጊዜ።

ገና ጀንበሯ ሳትጠፋ አስማረ መጥቶ አጠገባቸው ቁጢጥ አለ። ፊቱ ገርጥቷል። «አባባ፣ ዛሬ ባቄላ አልሰጡኝም» አለ። «እጄን ዘረጋሁ፣ ጭቃ ሹሙ 'ተቀብለሃል' ብሎ አለፈኝ። ወደ ጎጆዋ አልሄድኩም።»

«ከቆጠራው ጋር ልክ መጣ እኮ» አሉ።

«እሱን ነው የምልዎት። የኔን ማን ጣለልኝ?»

አያ ጥሩነህ ግራና ቀኝ አዩ። ሊነግሩት የሚገባ ነገር ነበር፣ እሱም ሊነግራቸው የሚገባ ነገር ነበር፤ አባትና ልጅ አሥራ ስምንት ቀን ሙሉ ሲሸሹት የቆዩት ነገር በመካከላቸው ተቀምጧል። «ዝም በል» አሉት። «ነገ ማታ ያበቃል። ከነገ ወዲያ ገብስህን ታጭዳለህ።» ልጁ ራሱን ነቀነቀ፣ ግን አልተነሳም። እጁን ደጋግሞ ጋቢው ላይ ይጠርግ ነበር፣ ምንም የሌለበትን እጅ።

በአራተኛው ቀን ጎሕ ሲቀድ ቀሰቀሳቸው። ጤዛው ሜዳውን ሞልቶታል፣ ሰዉ እየተነሳ፣ እያሳለ፣ እሳት እየቆሰቆሰ ነው። «አባባ፣ ማንም ሰላም አይለኝም» አለ። «የተኛሁበት ቦታ ላይ ሰው አግኝቻለሁ፣ ፊቱን ተሸፋፍኗል፣ ቢቀሰቅሱት አይነሳም። እነ አዳሙ ዳቦ ሲቆርሱ ዘለሉኝ። አጠገባቸው ቆሜ እኮ ነው፣ አባባ!» ድምፁ የሕፃን ሆኖ ነበር። አያ ጥሩነህ የራሳቸውን ዳቦ ገምሰው ሰጡትና አይዞህ ሊሉት አፋቸውን ከፈቱ፤ ከፈቱና ቀሩ። ስሙ ጠፋባቸው። ፊቱን ያውቁታል፣ ሲወለድ የያዙት እሳቸው ናቸው፣ ስሙ ግን የለም፤ አንድ ትንፋሽ፣ ሁለት ትንፋሽ፣ ሦስት። ከዚያ መጣ። አስማረ። አስማረ! እጁን ጨበጡት፣ እጁ ውርጭ ነበር።

«ሂድና ባቄላህን ተቀበል» አሉት። «በግድም ቢሆን ተቀበል።»

በሩ ከኋላቸው ተዘጋ። የዚያ ቀን ጨለማ ከሌሎቹ ቀናት ይልቅ የቀረበ ይመስል ነበር፣ ፊታቸውን ይነካል፣ ሽታውም የእበት ሽታ መሆኑ ቀርቶ የዚያ አፈር ሽታ ሆኗል። ሰው ይመጣል፣ ጨርቁ ይነቀላል፣ ባቄላ ይወድቃል። አላየሁም፣ አልሰማሁም። አስማረ ብለው የነበሩት ሦስቱ ወፎች እንኳ አላየሁም፣ አልሰማሁም አሉ። ሊደሰቱ ይገባ ነበር። ይልቅ ልጃቸውን የሚከስ ሰው አጥተው ተጨነቁ፣ እስኪ ይህን ማን ያምናል? ሳሉን ጠበቁ። አዳሙ መጣ፣ ሄደ። ከአዳሙ ቀጥሎ አንዱ እያፏጨ መጣ፣ ምንም ሳይናገር ጧ አድርጎ ጣለ፣ እያፏጨ ሄደ። ሃምሳ ዘጠኝ። ስልሳ። ስልሳ አንድ። ስልሳ ሁለት። ተራው አለቀ።

ከዚያ ከግድግዳው ወዲያ፣ ከሩቅ እንደሆነ ሁሉ፣ ደረቅ ሳል ተሰማ።

«አባባ» አለ። «ባቄላ የለኝም።»

አርባ ዓመት ያንኑ ቃል ለስንት ሰው ተናግረዋል፤ ለጠጪው፣ ለነገረኛው፣ ሁለቴ ለሚመላለሰው። አፋቸው ልባቸውን አልጠበቀም። «ባቄላ ያልያዘ አይሰማም» አሉ።

የተናገሩት ነገር ለራሳቸው የተሰማቸው ከዚያ በኋላ ነው፤ «ልጄ!» ብለው ጨርቁን ወደ ውስጥ መንጭቀው ዓይናቸውን ከቀዳዳዋ ለጠፉ። ብርሃኑ ወጋቸው። ሣሩ፣ አጥሩ፣ ከአጥሩ ወዲያ የሚወዛወዘው ገብስ። ሰው የለም። እንዝርቷም አትሰማም ነበር፤ መቼ እንዳቆመች አያውቁም።

በሩን በትከሻቸው ገጭተው ወጡ። «አስማረ ነው!» ብለው ጮኹ፣ ጋቢያቸው ከትከሻቸው እየወደቀ። «ወፍ ያለው አስማረን ነው፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አስማረን ነው፣ ሸማኔው ምንም አላደረገም፣ እኔ ጨመርኩ፣ እኔ ቀነስኩ! ልጄን አምጡልኝ፣ እሰሩት፣ ወደ ፈለጋችሁበት ንዱት፣ ግን አምጡልኝ!»

ሰዉ ዞሮ አያቸው። ከፊቱ ላይ ያነበቡት ቁጣ አይደለም፣ ኀዘን ነው። ጤዛው ገና ከሣሩ ላይ አልረገፈም፤ ስልሳ ሁለት ሰው አዳምጠው የወጡ መስሏቸው ነበር፣ ፀሐይዋ ግን አሁን ብቅ ማለቷ ነው። ጭቃ ሹም ውብነህ የባቄላውን ቅል በብብቱ ይዞ ቀስ ብሎ ቀረባቸውና የወደቀውን ጋቢ አንስቶ አለበሳቸው።

«አያ» አለ፣ ለሕመምተኛ እንደሚነገረው። «እሱን ልንፈልግ አይደል እንዴ የተሰበሰብነው? አስማረ ከጠፋ ዛሬ አሥራ ዘጠኝ ቀኑ ነው። ልጅ የጠፋበት ሰው ሰሚ አይሆንም፣ ሕጉን ያስተማሩን እኮ እርስዎ ነዎት። ከሌሊት ጀምሮ እዚያ ጎጆ ገብተው ብቻዎን ሲያወሩ ዝም ያልነው አዝነን ነው።»

«ባቄላውስ?» አሉ። «ገንቦዋን ገልብጣት!»

ጭቃ ሹሙ ገባና ገንቦዋን ይዞ ወጣ፣ ፊታቸው ገለበጣት። አንዲት ያበጠች፣ ነጭ ሥር ያወጣች ባቄላ ወደቀች። ከዚያች በቀር ምንም የለም። ሽበሺ በርጩማውን ይዞ በጎጆዋ በር ላይ ቆሟል፤ ዘመድ የለውም፣ ለማንም አያዳላም ብለው ሰሚ አድርገው መርጠውታል። እርጥብ ሣር በእጁ ነበር። አያ ጥሩነህን ሲያይ አንገቱን ደፋ።

በአጥሩ በኩል ጥዑም ለልጇ ዳቦ እያቀበለች ነበር። ቢያድግልኝ ረጅም፣ ጠይም፣ እንደ ሁልጊዜው ትንሽ ጎንበስ ያለ፤ ዳቦውን ሲቀበል የእናቱ እጅ በእሾሁ መካከል ሾልካ እጅጌውን ወደ ታች ሳበችው፣ ክርኑ ላይ የደረቀው ጭቃ እንዳይታይ። ከዚያ ቀና ስትል ዓይኗ ከአያ ጥሩነህ ዓይን ጋር ገጠመ። ያንን አስተያየት ያውቁታል። ውሃ ሲንቦጫረቅ ሰምቶ ወጥቶ፣ አይቶ፣ ምንም ያልጠየቀ ሰው አስተያየት ነው፤ ፊቷን አዞረች።

ቢያድግልኝ ራሱ መጥቶ ክንዳቸውን ደገፋቸው። የዚያ ጉድጓድ ሽታ ከልብሱ ይወጣ ነበር። በአጥሩ በር አስወጥቶ፣ ወደ ጠፍጣፋዋ ድንጋይ አድርሶ፣ በትሕትና አስቀመጣቸው። «አይዞዎት አያ» አለ። «ወፍ ዝም ብሎ አይቀርም።» እያፏጨ ተመልሶ ሄደና ከአዳሙ ቀጥሎ ተሰለፈ።

ድንጋይዋ ሰው አሁን የተነሳባት ይመስል ሞቃት ነበረች። ጭቃ ሹሙ መዳፍ እያስዘረጋ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲቆጥር ይሰማል፤ መጨረሻው ላይ ሲደርስ «ስልሳ ሁለት፣ የጎደለ የለም» አለና ቅሉን ከደነ። አያ ጥሩነህ ራሳቸውን ደፍተው እግራቸውን አዩ፤ አጥብቀው የጠቀጠቁት፣ የደለደሉት የወሰኑ አፈር በጣቶቻቸው መካከል ገና አልደረቀም ነበር።